ዳንግላ ሲደርስ የሚተነፍስ ጎማ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ይህን ደብተር የገዛሁት የአሥረኛ ክፍል የጂኦግራፊ ውጤት ልመዘግብበት ነበር። ይሁንና በዛሬው ዕለት የመኪናዬ የኋላ ግራ ጎማ፣ አዲስ ቅዳምን አልፌ ዳንግላ ልገባ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ያለ ምንም ሕመም በድንገት ዐረፈ። እንዲህ ያለ ታሪክ ሳይጻፍ መቅረት የለበትም። ለውጤቱ ሌላ ደብተር ይፈለግለታል።

ትርፉን ጎማ፣ ስኮርታውን፣ ከመኪናዋ ጀርባ አወጣሁት። እሱም ከብዙ ጊዜ በፊት ዐርፎ ኖሯል፤ የነገረኝ የለም። ሁለቱንም አስከሬን ጋሪ ላይ ጭኜ፣ እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ ዳንግላ ገባሁ። ባለጋሪው መንገዱን ሙሉ ሲያጽናናኝ መጣ።

ገዳዩ የታወቀው ጎሚስታ ቤት ነው፤ የፈረስ ምስማር። አሥራ ሁለት ዓመት እንጅባራ አስተምሬ ያልገባኝ የአገሩ ኢኮኖሚ ዛሬ ተገለጠልኝ። የመኪና ጎማ ሲያረጅ ተቆርጦ ለጋሪ ፈረስ ጫማ ይሆናል። ጫማው በምስማር ይመታል። ምስማሩ ላልቶ መንገድ ላይ ይወድቅና የሌላ መኪና ጎማ ይወጋል። የተወጋው ጎማ ያረጃል፤ እሱም ጫማ ይሆናል። ከውኃ ዑደት ምን ያንሳል? ሰኞ ሰሌዳ ላይ እሥለዋለሁ።

ጎሚስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ኖራ የተቀባ ጎማ ተሰቅሏል። ቱታ የለበሰች፣ ሻሽ ያሰረች ሴት ክሪክ ይዛ ቆማለች።

«ጎሚስታው የት ሄደ?» አልኳት።

«ፊትዎ ቆሟል» አለችኝ።

ወይዘሮ ደጊቱ ትባላለች። ሱቁ የባሏ ነበር፤ እሱ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ካላማዳሪውን ከጎማው ውስጥ መዝዛ አወጣችና ነፍታ ገንዳ ውስጥ ነከረችው፤ አረፋው የሚወጣበትን በጣቷ ያዘች። ሌላ ቀዳዳ እንዳይኖር ደግሞ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ አደመጠችው። ተማሪዎቼ አንድም ቀን እንደዚያ አድምጠውኝ አያውቁም።

«ስኮርታዎን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«መኪናዋን ስገዛ።»

«በግ አርብተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«እግዜር በጎቹን ጠብቋቸዋል።»

ጥሩ ልጥፍ ነው የለጠፈችው። ይህን የምጽፈው ስለ ልጥፉ ብቻ ነው።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ጎማው እንደገና ተነፈሰ። እንጅባራ ላይ ነው የተነፈሰው፤ ቢሆንም ነፋስ እያስሞላሁ፣ ሁለት ቦታ እየቆምኩ፣ ዳንግላ ድረስ ወሰድኩት። የፊዚክስ መምህሩ አዝመራው ስወጣ አይቶኝ «እንጅባራ አምስት ጎሚስታ አለ እኮ» አለኝ። አለ። አምስቱንም በጥሞና መርምሬ ውድቅ አድርጌያቸዋለሁ። አንዱ ቡሎን የሚያጠብቀው በእግሩ ረግጦ ነው፤ ሌላው ሬዲዮ ከፍቶ የጎማ ድምፅ እንዴት ይሰማል? የተቀሩት ምንም ጥፋት የላቸውም። እሱ ራሱ ያጠራጥራል።

እህቴ እታለማሁ የምትኖረው ዳንግላ ስለሆነ ምሳ እሷ ዘንድ በላሁ።

«ሚስትህ ካረፈች አምስት ዓመት ሙሉ፣ ዓመት በዓል ካልሆነ ዳንግላን ረግጠሃት አታውቅም» አለችኝ። «አሁን በየሳምንቱ ምን ጣለህ?»

«ጎማ ነው እትዬ።»

«እህ» አለች። የእህቴን «እህ» የሚተረጉም ሰው ገና አልተወለደም።


ዓርብ፣ ኅዳር 20

ቸኩያለሁ። ጎማውን ፈተሽኩት። ደኅና ነው። በጣም ደኅና ነው። ትንሽ ነፋስ አስተነፈስኩለት፤ ለጥንቃቄ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ወይዘሮ ደጊቱ ጎማውን ገንዳ ውስጥ ሁለቴ ነከረችው። አንድም አረፋ አልወጣም። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ የጣሪያዋን ቆርቆሮ እያደነቅኩ ነበር።

«መምህር፣ ይሄ ጎማ ጥርስ የሚባል አልቀረውም። አራቱንም ይቀይሯቸው። አዲስ ጎማ ቢያስገቡ ሁለት ዓመት እዚህ ደጃፍ አይደርሱም።»

ሁለት ዓመት! ጥርሱ አልቋል ተብሎ የሚጣል ቢሆን የርእሰ መምህራችን ዕጣ ምን ሊሆን ነው? ሽማግሌን ማክበር ያሳደገኝ ባህል ነው ብያት በአሮጌዎቹ ጎማዎች ጸናሁ። ሣቀች። ስትሥቅ ክሪኩን ታስቀምጠዋለች፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ አትሠራም።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ምላሴን ይቁረጠው።

ሱቁ ሞልቶ ነበር። ሁለት ባጃጅ፣ አንድ የከሰል ጭነት መኪና፣ የጫግኒው ሚኒባስ፣ ደረሰ ከሚባለው ሾፌሩ ጋር። የኔ ተራ ደረሰና ከጎማዬ የፈረስ ምስማር በጉጠት ይዛ ነቀለች። የእውነት ምስማር ነው፤ ዛሬ እኔ ምንም አላደረግሁም። ሰው ሁሉ እያየ ነው። ሰው ሲያየኝ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም።

«እንዲያው ምን ያደክምዎታል ወይዘሮ ደጊቱ» አልኩ፤ «ሌሊት ይበትኑታል፣ ቀን ይነቅሉታል!»

ሣቅ ሆነ። ደረሰማ ጭኑን እየመታ «እኔም ጠርጥሬ ነበር!» አለ። ባጃጆቹ ተቀበሉት። ሣቁ ሲደጋገም እኔም ደስ ብሎኝ አጎነበስኩ፤ ልክ እንደ ተሸላሚ።

እሷ አልሣቀችም። ምስማሩን መልሳ ቀዳዳው ውስጥ ሰካችው፤ ጎማውን አንከባልላ እግሬ ሥር አቆመችው።

«ይውሰዱት» አለች። «ባሌ ይሄንን ሐሜት ሲሰማ ነው የኖረው። ጠዋት ጠዋት ከዚህ ሱቅ እስከ ድልድዩ ማግኔት በገመድ እየጎተተ የወደቀውን ምስማር ይለቅም ነበር፤ የሰው ጎማ እንዳይበሳ። እሱ ከሞተ በኋላ እኔ እለቅማለሁ። ዛሬም ለቅሜያለሁ።»

ጥግ ላይ ቆርቆሮ ተቀምጧል፤ አፉ ድረስ የዛገ ምስማር። ለአንድ ወር ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።


እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

ቅዳሴ ላይ ስለ ምላስ ተሰበከ። ቄሱን ማን እንደነገራቸው አልታወቀም።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

ለትምህርት ቤት ጉዳይ ጥሊሊ ሄጄ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረ የማላውቀው ሰው ወደኔ ዘንበል ብሎ «የዳንግላዋን ጎሚስታ ሰምተሃል? ሌሊት ምስማር ትበትናለች፣ ቀን ትነቅላለች አሉ» ብሎ ሣቀ።

የራሴ ቀልድ ከዳንግላ ጥሊሊ በአምስት ቀን! የትምህርት ቢሮ ደብዳቤ ይህን መንገድ በሦስት ወር ነው የሚጨርሰው። ደግሞ ሰውየው ቀልድ መሆኑን ዘሎታል። ተረጋግጦ ነው የደረሰው።

«ውሸት ነው» አልኩት። «ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው።»

እንደ ዕብድ አየኝና ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ በሩን ዘጋችው። ሌላ ባለመኪናም አልነበረም፤ በቅዳሜ ቀን።

እታለማሁ ምሳ አቅርባ ምግብ የሚዘጋ ነገር ነገረችኝ። ደጊቱ ልትሄድ ነው። ባሕር ዳር ያለው ወንድሟ «ነይ፣ እዚህ አብረን እንሥራ» ሲላት ዓመት ሙሉ እንቢ ስትል ነበር። አሁን እሺ አለች። ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር 16፣ ወንድሟ የጭነት መኪና ይልካል፤ ኮምፕሬሰሩንና ዕቃዋን ጭና ትሄዳለች።

«ምን አለች?»

«‹ስሜ በጠፋበት አገር ምን እሠራለሁ› አለች።» እህቴ ወጥ ጨመረችልኝ። «ስሟን ያጠፋውን ሰው ታውቀዋለህ?»

እዚህ ላይ ላስታውስ የምወደው፣ ዳንግላ ሌሎች ጎሚስታዎችም እንዳሉ ነው። የመኪናዬ ደኅንነት አያሰጋም። ስለ መኪናዬ ምንም ሥጋት የለብኝም።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19

ዳንግላ መናኸሪያ ቆሜ ሾፌሮቹን አንድ በአንድ «ቀልዱ የኔ ነው፣ ምንም እውነት የለውም» እያልኩ ስዞር ዋልኩ። አዳመጡኝ። ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዳቸውም ለሌላው አልነገሩም። ማስተባበያ አያስቅም፤ የማያስቅ ነገር ደግሞ ሚኒባስ አይሳፈርም።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 30

የገና ማግስት። አዝመራው መጥቶ የገብስ ቆሎ ቆረጠመና «በአገሩ ደንብ ሽማግሌ ላክ» አለኝ። እንዴት አስቀድሜ አላሰብኩትም? ዕድሜ ልካቸውን በቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት የዳኙትን አቶ ይሄነውን ወዲያው ሄጄ ለመንኳቸው። ደኅና አድርገው ሰሙኝ። ጎማውን፣ ቀልዱን፣ ቆርቆሮውን፣ ባሕር ዳርን ነገርኳቸው። አንድ ሰዓት ያህል ሳልወስድ አልቀርም።

«ለዕርቅ ነው?» አሉ።

«ለዕርቅ ነው።»

«ብቻ?»

«ሌላ ምን ሊኖር ነው አቶ ይሄነው?»

ሐኪም በሽተኛውን እንደሚያይ አዩኝ። «እሺ» አሉ።


እሑድ፣ ጥር 4፣ ማታ

በዝርዝር ይጻፍ፤ የመጣው ይምጣ።

ከቅዳሴ በኋላ አቶ ይሄነውንና እሳቸው የመረጧቸውን ሁለት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ጭኜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ጎማው አልተነፈሰም። በሕይወቴ ተንፍሶ ያላሳፈረኝ በዚህ ቀን ብቻ ነው። ደጊቱ ከአጎቷ ከአቶ አወቀ ጋር አንድ ግቢ ነው የምትኖረው። አቶ ይሄነው «አንተ መኪናህ ዘንድ ቆይ፤ እንጠራሃለን» ብለውኝ ገቡ።

ቆየሁ። ግማሽ ሰዓት። አንድ ሰዓት። የሚጠራኝ የለም።

የበደለ ሰው ዕርቅ ሲገባ አንገቱ ላይ ድንጋይ ይሸከማል፤ ደንቡ ነው። ዞር ዞር ብዬ ፈለግሁ። ያለው ድንጋይ ሁሉ መንገድ ላይ የተነጠፈ የማዘጋጃ ቤት ንብረት ነው። መቼም ባዶ አንገቴን አልገባም። ቸርኬው የወለቀውን ስኮርታ አወጣሁና አንገቴ ላይ አጠለቅሁት። ለድንጋይ ቢሆን ክብደቱ አያንስም፤ ጥፋቴንም ከድንጋይ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

በሩን ገፍቼ ገባሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተደርድረው ቆመዋል፤ ተቀመጡ ቢባሉም እንቢ ያሉ ይመስላል። አቶ አወቀ ወንበር ላይ ናቸው። ደጊቱ ከጓዳው በር አጠገብ ቆማለች፤ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፤ ያለ ቱታ አይቻት አላውቅም። አቶ ይሄነው እየተናገሩ ነበር፦

«…ልጃችን ሥራ ያለው፣ ቤት ያለው፣ አንደበቱ እንጂ ልቡ ክፋት የሌለበት…»

እኔ ተንበርክኬ «በድያለሁ!» አልኩ።

አቶ አወቀ ጎማውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ሽማግሌዎቹን አዩ።

«ይሄ ደግሞ ማን ነው?»

አቶ ይሄነው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሙሽራው ነው» አሉ።

ጂኦግራፊ ሳስተምር ስንት ጊዜ «መሬት ተከፈተች» ብዬ አስረድቻለሁ፤ ዛሬ በፈለግኋት ሰዓት አልተከፈተችም። አገባቤ ነውር ነው። ለጋብቻ ሽማግሌ የተላከለት ሰው ጭራሽ በዚያ ሰፈር አይታይም፤ እኔ ጎማ ለብሼ መሐል ቤት ተንበርክኬያለሁ። አቶ አወቀ በአዊኛ አንድ ነገር አሏት። እሷም በአዊኛ በአጭሩ መለሰችላቸው። እሳቸውም ሦስቱ ሽማግሌዎችም ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ እስኪይዙ ሣቁ። አዊኛ አለመማሬ እንደዚህ ቆጭቶኝ አያውቅም።

ወደ እኔ መጣች። «ከአንገትዎ ያውጡት» አለች። «ጥርስ የሌለው ጎማ ይዞ ምሕረት የሚለምን ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።»

ዕርቁ ወረደ። ካሣው እሷ የፈረደችው ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከሱቋ እስከ ድልድዩ ማግኔቱን እኔ እጎትታለሁ። ስለ ሌላው ጉዳይ «እመክርበታለሁ» ብላለች።

ስንመለስ መሪውን እንደያዝኩ «ለዕርቅ ነበር እኮ የላክኋችሁ!» አልኩ።

«ዕርቁ አምስት ደቂቃም አልፈጀ» አሉ አቶ ይሄነው። «ከቆምን አይቀር ሁለተኛውን ጨመርንበት።»

«ማን አዘዛችሁ?»

«ለአንድ ጎማ ይህን ሁሉ መንገድ ሦስት ሽማግሌ የሚያመላልስ ሰው አዞናል።»

«በአዊኛ ምን አለች?»

«ለሽማግሌ የተነገረ ለባለጉዳይ አይተረጎምም።»

ደኅና ሥራ ሠርተዋል አልልም። መጥፎ ሠርተዋልም አልልም። ጎማው ግን እስካሁን አልተነፈሰም።


ማክሰኞ፣ ጥር 6

መልስ የለም። ክፍል ውስጥ የዓባይን ገባሮች ስዘረዝር ባሕር ዳር ላይ ደርሼ ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ተማሪዎቹ ጠበቁኝ።


ቅዳሜ፣ ጥር 10

ካሣዬን ከፈልኩ። ነገ ጥምቀት ስለሆነ ዳንግላ በሙሉ መንገድ ላይ ነው። ሱፌን ለብሼ፣ ከረቫቴን አስሬ፣ ማግኔቱን በገመድ እየጎተትኩ ከሱቁ ተነሣሁ። ፍየል የሚጎትት ሰው እንኳ አጋር አለው። ልጆች ተከተሉኝ። ባለጋሪዎች ፈረሳቸውን አቁመው አሳለፉኝ፤ አንዱ ቆቡን አነሣልኝ።

ምስማር አገኘሁ። ብዙ ነው። እሷ በየጠዋቱ ጎንበስ እያለች ስድስት ዓመት የለቀመችውን አሰብኩ፤ ወገቤን ያመመኝ በሁለት መቶ ሜትር ነው።

ድልድዩ ላይ ሾፌሩ ደረሰ ሚኒባሱን አቁሞ በመስኮት ብቅ አለ።

«መምህር! ለካ የሚበትኑት እርስዎ ኖረዋል!»

ድልድዩ በሣቅ ተናወጠ። ምላሴ ላይ መልስ ሞልቶ ነበር፤ ሦስት ጥሩ ጥሩ መልስ። ዋጥኳቸውና «አዎ፣ እኔ ነኝ። እሷማ የምትለቅመው ናት» አልኩ፤ ጮክ ብዬ።

ይኼ ደግሞ ያስቃል። የሚያስቅ ነገር ሚኒባስ ይሳፈራል። ከሰዓት በኋላ ከእንጅባራ አዝመራው ደውሎ «ዳንግላ ላይ ምስማር ስትበትን ተያዝክ የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ። ተረጋግጦ ደርሶታል።

ስመለስ ሱቁ ደጃፍ ሦስት መኪና ቆሞ ነበር። እሷ ሥራ ላይ ነበረች። ማግኔቱን ተቀበለችኝ። ጥግ ላይ ግን ካርቶኖች በገመድ ታስረዋል። ስሟ ተመለሰ፤ እሷ ግን ልትሄድ ነው።


ሰኞ፣ ጥር 12

መልስ የለም። የጭነት መኪናው ዓርብ ነው። አቶ ይሄነውን ደግሜ ልላክ? «አይላክም፤ ይጠበቃል» አሉ። ጎማውን ፈተሽኩት። ሙሉ ነው። ይሄ ጎማ የማይበሳው ሲፈለግ ብቻ ነው።


ረቡዕ፣ ጥር 14

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዘበኛው የክፍሌን በር አንኳኳና «ሴት ትፈልግዎታለች» አለኝ። አርባ ተማሪ «ኦ!» አለ። ወጣሁ።

ግቢው መሐል ቆማ ነበር። ከዳንግላ በሚኒባስ መጥታ። የአርባው ተማሪ አፍንጫ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፤ አዝመራውም ከቤተ ሙከራው በር ላይ ምንም የማያይ መስሎ ቆሟል።

«ሽማግሌዎቹን ማድከም አልፈለግሁም» አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት መጣሁ። እስከ ዛሬ ሲያወሩ ሰምቼዎታለሁ፤ ሰው ያሥቃሉ። እኔንም አሥቀውኛል፤ አስለቅሰውኛልም። አሁን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ቀልድ የሌለበት። አንድ ብቻ። ካልሆነልዎት ግን ዓርብ መኪናው ይመጣል።»

ስለ መንገዱ ልል ነበር። ስለ ጎማ ልል ነበር። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ሃያ ዓመት ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ሰው የራሴን ጫማ ሳይ ቆየሁ። ደወሉ ተደወለ፤ የሌሎቹ ክፍሎች ተማሪዎችም ወጥተው ከበቡን። እሷ አልተንቀሳቀሰችም።

«አትሂጂ» አልኩ።

«ይሄን ለማለት ነው ሦስት ሽማግሌ የምታደክመው?» አለችኝ።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ ወንድሟ ዘንድ ደወለች። ኔትወርክ የለም። ግቢያችን ውስጥ ኔትወርክ የሚገኘው ሰንደቅ ዓላማው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው፤ ነገርኳት። ወጣች። ድንጋዩ ስለሚነቃነቅ ክርኗን ያዝኩላት። ትምህርት ቤቱ በሙሉ እያየ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር ጠራ።

«ወንድምዬ፣ ይሰማሃል? መኪናውን አትላከው» አለችው። «አይ፣ ደኅና ነኝ። አይ፣ አልታመምኩም። ቆይ፣ አጠገቤ ነው፤ ራሱ ያስረዳህ» ብላ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።